ስሙ ያልተጻፈበት ዳማከሴ

ሥር አውጥቷል!

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ እያጠብኩ ስልኬ ጮኸ፤ በአረፋ እጄ አነሳሁት። የላቦራቶሪው ባለሙያ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም "ሥር አውጥቷል፣ ነይ እዪው" ብሎኝ ዘጋ። የእናቴን ነጠላ ውኃ ውስጥ ትቼ ሮጥኩ። ነጠላው እስከ ማታ ተዘፍዝፎ እንደዋለ በኋላ ተነግሮኛል። በደንብ ነው የተነገረኝ።

ሥር ያወጣው የእማማ ዳማከሴ ነው። እማማ ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ሰፈራችን ውስጥ ምች የመታው ሁሉ መጀመሪያ የሚሄደው እሳቸው ጋ ነው። ቅጠሉን በመዳፋቸው ያሹና አፍንጫ ውስጥ ጠብ ያደርጉታል። የእኔ አፍንጫ ስንቴ እንደቀመሰው አልቆጥረውም። ከገበያ ይገዛል ሲሏቸው አይሰሙም፤ የሳቸውን ሙሽራ ሆነው ሲመጡ ከሳጉሬ፣ ከእናታቸው ጓሮ ነው ያመጡት። ኅዳር ላይ ውርጭ መታውና ከአንዲት ቅርንጫፍ በቀር ሁሉም ጠቆረ። እሷም ከደረቀች የእናታቸው ነገር አለቀ ማለት ነው። እማማ ያን ሰሞን ጓሮ መውጣት ትተው ነበር።

እኔ ደግሞ የባዮሎጂ መምህራችን ስለመረጠኝ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚሁ አሰላ ወዳለ የዕፅዋት ላቦራቶሪ እሄድ ነበር። እዚያ ከአንዲት ቅርንጫፍ ብዙ ችግኝ ይወጣል። አንጓ አንጓዋን ቆራርጦ፣ በበረኪና አጥቦ፣ ብልቃጥ ውስጥ እንደ እርጎ በረጋ ምግብ ላይ መትከል ነው። ምግቡ ውስጥ በጣም ጥቂት ሆርሞን ይገባል። አንደኛው ሆርሞን ተክሉን ቅርንጫፍ አብዛ ይለዋል፣ ሌላኛው ሥር ስደድ። ይህን ለእማማ ሳስረዳቸው "በጠርሙስ?" አሉኝ።

በማግስቱ ፈቀዱልኝ፣ ግን በውል። መድኃኒት የሚቆረጠው ፀሐይ ሳትወጣ፣ በባዶ ሆድ፣ ከሰው ሳይነጋገሩ ነው። ስሙም አይጠራም፤ ከተጠራ ኃይሉ ጥሎት ይሄዳል። ቃል ገባሁ። ማለዳ መንገዱን ሳቋርጥ የሰፈራችን ሱቅ ባለቤት "እንዴት አደርሽ" አሉኝ። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። ረፋድ ላይ እናቴ ዳቦ ልትገዛ ስትሄድ ልጅሽ ላቦራቶሪ ከገባች ወዲህ ሰው ንቃለች ብለው አለቀሱባት ማለት ይቻላል።

ቅርንጫፏ ብልቃጥ ገባች፣ በየሳምንቱም ጨመረች። ቡቃያዎቹን ወደ አዲስ ብልቃጥ የማዛወሪያው ቀን ሲደርስ ባለሙያው ሲሬ ከተማ ለቅሶ ነበረበት። ግማሹን ለሥር፣ ግማሹን እንደገና ለቅርንጫፍ እንዳደርግና መለያ እንድጽፍባቸው ነግሮኝ ሄደ።

ብዕሩን አነሳሁ። መለያው ላይ የመጀመሪያው መስመር "የተክሉ ስም" ይላል። መጻፍስ መጥራት አይደል? አሰብኩ፣ አሰብኩ፣ ባዶውን ተውኩት። ከዚያ ሆርሞኑም ሊያሳብቅ ይችላል ብዬ እሱንም ተውኩ። ቀኑንም። ምስጢር ከሆነ ሙሉ ምስጢር ይሁን አልኩና ሃያውንም ብልቃጥ መደርደሪያው ላይ አሰለፍኳቸው። ሲያዩዋቸው እንዴት ያምራሉ!

ባለሙያው ሰኞ ሲመለስ እኔም ከትምህርት ቤት መልስ ላሳየው ሄጄ ነበር፤ መደርደሪያው ፊት ቆሞ ቀረ።

"ማል ጎቴ" አለኝ፤ ሲደነግጥ ኦሮምኛው ነው የሚቀድመው። "ምን አደረግሽ? የትኛው የቱ ነው?"

"ቃል ገብቼ ነው።"

"ለማን?"

"ለእማማ።"

"እማማ ሆርሞኑንም አትጻፊ ብለውሻል?"

መለያ የሌለው ብልቃጥ ይጣላል፣ ደንቡ ነው። እንባዬን በጓንቴ ስጠርግ ጓንቱ ላይ የነበረው አልኮል ዓይኔን አቃጠለኝና የባሰ አለቀስኩ። የእማማ ጓሮ ያለው ጉቶ በዚያው ሳምንት ጭራሽ እንደደረቀ፣ ከእነዚህ ብልቃጦች ሌላ በዓለም ላይ የእናታቸው ዳማከሴ እንደሌለ እየተነፋረቅኩ ነገርኩት። በነገራችን ላይ ስሙን የጠራሁት ያኔ ነው፤ ወዲያው አፌን ያዝኩ።

ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እያነሳ በብርሃን አያቸው። "እሺ፣ ራሳቸው ይናገሩ" አለና ጥግ ላይ አስቀመጠልኝ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራዬ እነሱ ላይ ማፍጠጥ ሆነ። አንዳንዶቹ ያልተበጠረ ጸጉር መሰሉ፤ ቅጠል በቅጠል፣ ከሥራቸው ግን ምንም። ሌሎቹ ጭራሽ የሞቱ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ያ ስልክ ተደወለ፤ የተናገሩት እነዚያ ሞቱ ያልኳቸው ናቸው።

እማማን ይዤ ሄድኩ። ነጭ ጋውን አለበስናቸው፣ ሐኪም መሰሉ። ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው እንደ ክር የቀጠነውን ነጭ ሥር ሲያዩት ቆዩ። ባለሙያው አንዱን ከፍቶ ቅጠል ሰጣቸው። አሹት፣ አሸተቱት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ዳማከሴዬ" አሉ፣ ጮክ ብለው።

"እማማ! ስሙ አይጠራም አላሉኝም?"

"ሲቆረጥ ነው እንጂ ልጄ። ከተቆረጠ በኋላማ በስሙ ካልጠራሽው በምን ያውቅሻል?"

ባለሙያው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ችግኞቹ አሁን እማማ ጓሮ ናቸው፤ በላስቲክ ተሸፍነው ከአሰላ ብርድ ጋር ተለማምደዋል። ለእማማ ከሚበቃቸው በላይ ስለሆኑ ለሚፈልግ ሁሉ ስጪ ብለውኛል። ስለዚህ ኑ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ባዶ ጣሳ ይዛችሁ። የሱቋ ባለቤትም ይመጣሉ። የምትወስዱት ችግኝ እንጂ የሚቆረጥ አይደለምና እንደልባችሁ አውሩ። በሩ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ፤ "እንዴት አደርሽ" ካላችሁኝ እመልሳለሁ።