በየትኛው «ሀ» ነው?

እኔ ቶሎ ግንፍል የምል ሰው ነኝ፤ እህቴ ደግሞ ፍጹም ተቃራኒዬ ናት። በዕድሜ ብዙ ትበልጠኛለች። እናታችን ካረፈች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች እስካሁን እቴቴ ነው የምላት። ላፍቶ፣ አስፋልቱ ዳር ባለ የግል ክሊኒክ፣ ካርድ ክፍል ውስጥ ትሠራለች። በመስኮቱ የበሽተኛውን ስም ትቀበላለች፣ ኮምፒውተር ላይ ትፈልጋለች፣ ፋይሉ ካለ ወደ ሐኪሙ ትልካለች፣ ከሌለ አዲስ ካርድ ታወጣለች። ሰው ሲጮህባት «እሺ የኔ እናት፣ እሺ የኔ አባት» ብላ ሥራዋን ትቀጥላለች። እኔ ብሆን መስኮቱን ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ ወደ ቤቴ ነበር የምሄደው።

የእኔ እንጀራ ኮምፒውተር ነው። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ቢሮ ያለው ትንሽ ድርጅት ውስጥ ሌሎች ሠርተው የተዉትን ሲስተም እንጠግናለን። የእቴቴ ክሊኒክ ሲስተምም እንዲሁ ከሌላ እጅ ወደ እኛ የመጣ ነው። ከቀርፋፋነቱ የተነሳ ስም ጽፎ መልስ የሚጠብቅ ሰው ሻይ ጠጥቶ ሊመለስ ይችላል። የት ላይ እንደሚንቀራፈፍ ለማወቅ ብዬ ሎግ አበራሁበት። ሎግ ማለት ሲስተሙ ለዳታቤዙ የሚያቀርበው ጥያቄ ሁሉ የሚጻፍበት ፋይል ነው፤ ማን ፈለገ፣ ምን ብሎ ፈለገ፣ መልሱ ምን ያህል ቆየ፣ ተገኘ ወይስ አልተገኘም። የበሽተኞች ስም በግልጽ ተዘርግፎ መቀመጡ ደስ አላለኝም። ችግሩን እንዳገኘሁ አጠፋዋለሁ ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

በዚያው ሰሞን አንዲት እናት ጉሮሮዋን አሟት ብቻዋን ወደ ክሊኒኩ መጣች። ካርዷን ቤት ረስታዋለች፤ ስልክ ቁጥሯም ከተቀየረ ቆይቷል። ከዚህ በፊት እዚያው መታከሟን ግን ተናግራለች። እቴቴ ፋይሏን ፈልጋ አጣችና አዲስ ካርድ አወጣችላት። አዲሱ ካርድ ባዶ ነው። አሮጌው ፋይል ላይ ግን ፔኒሲሊን እንደማይስማማት በቀይ ተጽፏል። ነርሷ ጠይቃታለች፤ ሴትዮዋ ግን ከዚህ በፊት እዚያው ተወግታ ያመማት ከመርፌው የተነሳ መሆኑን በቅጡ ያስረዳት ስላልነበረ «ኧረ እኔ ሁሉም ይስማማኛል» አለች። ፔኒሲሊን ተወግታ ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ወደቀች። በአምቡላንስ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ወሰዷት።

በማግስቱ ልጇ አሮጌውን ካርድ ይዛ መጣች። የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ ካርዱን አጠገቡ አስቀምጦ ስሙን ፊደል በፊደል እያየ ጻፈ። ፋይሉ ወዲያው ወጣ፤ ከነቀይ ጽሑፉ። እቴቴን አስጠራት።

«ፈልጌያለሁ» አለችው።

«ይኸው በአንድ ጊዜ ወጣልኝ እኮ!» አላት። «ሰልፉ ሲረዝምብሽ ሳትፈልጊ ነው አዲስ ያወጣሽው። ደግሞ ትዋሻለሽ?»

ነገሩ እስኪጣራ ከሥራ አገዳት። ልጅቷ ባለችበት ተሰብስበው ሊወስኑ ቀጠሮ ያዙ።

ይህን ራሷ ደውላ ነገረችኝ፤ ያኔ ደሜ ፈላ። እቴቴ ብትሳሳት ትሳሳታለች እንጂ አትዋሽም። ከሥራ እንደወጣሁ በቀጥታ ፉሪ፣ ቤቷ ሄድኩ። በር ላይ ልብስ እያሰጣች አገኘኋት። ገና ሳልቀመጥ ነገርኳት። «ደስ ይበልሽ፣ የጻፍሽው ሁሉ ተቀምጧል። ሎግ የሚባል ነገር አለ። መፈለግ አለመፈለግሽን እዚያ ላይ ማየት ይቻላል።»

ደስ ይላታል ብዬ ነበር። እርጥቡን ቀሚስ ይዛ እንደቆመች ቀረች።

«አትክፈቺው» አለችኝ።

«ምን ማለት ነው አትክፈቺው?»

«ይቅር በቃ። ካባረሩኝም ያባርሩኝ።»

«እቴቴ፣ ፈልገሻል አይደል?»

«ፈልጌያለሁ።»

«ታዲያ ምን ያስፈራሻል?»

ቀሚሱን ገመዱ ላይ ዘርግታ፣ እጥፋቱን ደጋግማ በእጇ ማቃናት ያዘች። ተናድጄ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ስቀመጥ ንዴቱ ሄዶ ፍርሃት ተተካ። ብትዋሽስ? ሰልፉ ረዝሞባት፣ ሰው ጮሆባት፣ አንድ ቀን ቢሰለቻትስ? የሁለት ልጆች እናት ናት፤ የክሊኒኩ ሥራ ከሄደ ሌላ የምትይዘው ነገር የለም። ከሥራው በላይ ግን እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነበር። ካልፈለገች አታላናለች፤ እኔንም ጭምር።

በነጋታው ቢሮ ገብቼ ብቻዬን ልየው ብዬ ተነሳሁ። ፋይሉ ጋ ደርሼ ሳልከፍተው ቆምኩ። ባዶ ሆኖ ባገኘው ምን ላደርግ ነው? ሎግ እኮ ፋይል ነው፤ ማጥፋትም መጨመርም እችላለሁ። ማንም አያውቅብኝም። ይህን ማሰቤ ራሱ አስደነገጠኝ። ተነስቼ ለአለቃዬ ነገርኩትና ሎጉ በቀጠሮው ቀን ሁሉም ባሉበት እንዲከፈት ተስማማን።

በቀጠሮው ቀን ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተሰበሰብን። የሴትዮዋ ልጅ ነጠላዋን ተከናንባ ጥግ ይዛለች። እናቷ ገና ሆስፒታል ናት። እቴቴ በሩ አጠገብ ቁጭ አለች፤ ወደ እኔ አላየችም። ላፕቶፔን ከፍቼ በእቴቴ የኮምፒውተር መግቢያ ስም፣ በዚያች ቀን ጠዋት የተፈለገውን ሁሉ አወጣሁ።

ነበር። አንድ ብቻ አይደለም፤ ገጹን ሞልቶታል።

የሴትዮዋን ስም እዚህ አልጽፈውም። በስሟ ውስጥ «ጸ»፣ በአባቷ ስም ውስጥ ደግሞ «ሀ» እና «ሰ» እንዳሉ ብቻ ልናገር። ሦስቱም ሞክሼ ፊደላት አሏቸው፤ ስንናገራቸው ያው ናቸው፤ ሰውም ደስ ባለው ይጽፋቸዋል። ኮምፒውተር ግን ሃሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ፣ እሳቱን ሰ ከንጉሡ ሠ እንደ ባዕድ ነው የሚለያቸው። አሮጌውን ፋይል የመዘገቡት ጡረታ የወጡ፣ ቄስ ትምህርት ቤት ያለፉ ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸው ትክክል ነው በሚሉት ፊደል ጽፈውታል። እቴቴ ደግሞ እንደ አብዛኞቻችን በተለመዱት ፊደላት ጀምራለች። ሲስተሙን የሠሩት ሰዎች ይህን አለማሰባቸው አሁንም ያበሳጨኛል፤ አማርኛ እየጻፉ አድገው እንዴት ይረሱታል?

ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። «በጸሎቱ ጸ፣ በሃሌታው ሀ፣ በእሳቱ ሰ፤ አልተገኘም። በንጉሡ ሠ፤ አልተገኘም። በሐመሩ ሐ፤ አልተገኘም።» ድምፁ እየቀነሰ ሄደ። «በብዙኃኑ ኀ፤ አልተገኘም። አሁን ደግሞ በፀሐዩ ፀ እንደገና ከመጀመሪያው...» መነጽሩን አወለቀ።

ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። «አልፈለገችም አላልክም?» አልኩት። «ሰው ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?»

«ይቅርታ» አላት ወደ እቴቴ ዞሮ፣ ከልቡ። «ተሳስቻለሁ። ሥራሽ ላይ ነሽ።»

እቴቴ አልሰማችውም። ተነስታ መጥታ ስክሪኑን ታያለች። «የመጨረሻው ምንድን ነው?» አለችኝ።

«በፀሐዩ ፀ፣ በብዙኃኑ ኀ፣ በእሳቱ ሰ። ከዚያ አዲስ ካርድ አወጣሽ።»

«ካርዱ ላይስ?»

ልጅቷ ካርዱን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ። በፀሐዩ ፀ፣ በብዙኃኑ ኀ፣ በንጉሡ ሠ።

«አንዲት ቀርታኝ ነበር» አለች እቴቴ።

አትክፈቺው ያለችኝ ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ሁሉንም እንዳልጨረሰች ታውቅ ነበር፤ የቀረችው የትኛዋ እንደሆነች ማየት ነው የፈራችው። እኔ ደግሞ ፊቷ ላይ ከፈትኩት።

እቴቴ ወደ ልጅቷ ዞረች። «እናትሽን ‹በየትኛው ሀ ነው እማማ?› ብያት ነበር። ‹እኔ ፊደል አልቆጠርኩ የኔ ልጅ፣ የመሰለሽን ጻፊው› አለችኝ። ኋላ ያሉት ደግሞ ‹ምነው፣ ሲስተም የለም ልትዪን ነው?› እያሉ ይጮሃሉ። እሱስ ልማዴ ነው። እሷ ግን መስኮቱን ተደግፋ እግሯ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አንጀቴን በላችኝ። ቶሎ ገብታ ትረፍ ብዬ ነው የተውኩት።»

ልጅቷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ከዚያ ተነስታ እቴቴን አቀፈቻት። እኔ ላፕቶፔን ዘጋሁ፤ ሌላ የምሠራው ነገር አልነበረኝም።

ሴትዮዋ እግዚአብሔር ይመስገን ድናለች። ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ መግባቷን ልጇ ደውላ ነግራናለች፤ ወደ ክሊኒኩ ግን ዳግም አልመጡም። ማን ይፈርድባቸዋል? እኔም ሲስተሙን አስተካከልኩት። አሁን በየትኛውም ሀ፣ በየትኛውም ሰ ቢጻፍ ፋይሉ ይወጣል። ሄጄ እቴቴን አሳየኋት። «አንድ ጊዜ መጻፍ ይበቃሻል» አልኳት። «ጎበዝ» ብላ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

ቀርፋፋነቱም ተስተካክሏል። ሎጉን ላጠፋው ብዬ ከማጥፋቴ በፊት አንዴ አየሁት። እቴቴ ጠዋት ገብታ፣ መስኮቱ ሳይከፈት፣ በመጀመሪያ የፈለገችው ያንን ስም ነው። በፀሐዩ ፀ፣ በብዙኃኑ ኀ፣ በንጉሡ ሠ። ተገኝቷል። የፊተኛውን ቀን አየሁ፤ ያው ነው። ከዚያ በፊት ያለውንም አየሁ።

ልጠይቃት ደውዬላት ስለ ልጆቹ ብቻ አውርተን ዘጋን። ሎጉን እስካሁን አላጠፋሁትም። ያ ስም የማይጻፍበትን ጠዋት እየጠበቅኩ ነው።