የሜሮን ብልቃጥ

ነገሩ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። እኔ ልርሳው ብል እንኳ እህቴ አልማዝ አታስረሳኝም።

የአልማዝ ልጅ ሜሮን ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። መዳፏና የእግሯ መርገጫ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ደረቅና ወፍራም ነው። ድዷ ያብጣል፣ ይደማል። የወተት ጥርሶቿ ገና በአራት ዓመቷ ረግፈው አልቀዋል። አዲሶቹ ብቅ ብቅ ሲሉ፣ እነዚህም ከረገፉ ሌላ የላትም ብለን ሆስፒታል ወሰድናት።

ሐኪሟ "በዘር የሚመጣ፣ ብዙ የማይታይ በሽታ ሳይሆን አይቀርም" አለችን። "በጤነኛ ሰው ሽንት ውስጥ የሚገኝ አንድ ፕሮቲን አለ። ይህ በሽታ ያለበት ሰው ላይ ግን አይገኝም። የጠዋት ሽንቷን አምጡልኝ።"

የእኔ ሥራ ጎሚስታ ነው፤ የሽንትና የጥርስ ዝምድና አልገባኝም። ቢሆንም በማግስቱ አልማዝ ሥራ ስለነበራት የሜሮን ሽንት ያለበትን ብልቃጥ ኪሴ ከትቼ ከሽሮ ሜዳ ታክሲ ያዝኩ።

ክዳኑን በደንብ አላጠበቅኩትም መሰለኝ፣ መንገድ ላይ ተከፈተ። ጉድ ፈላ! ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ራሰ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ "አይዞህ ልጄ፣ ባለቤቴም ስኳር አለባቸው፤ እንዲህ ያደርጋቸዋል" አሉኝ። "የእኔ እኮ አይደለም እማማ" ብላቸው ጭራሽ አዘኑልኝ።

ባዶ ብልቃጥ ይዤ ብመለስ የአልማዝን ምላስ አልችለውም። ሆስፒታሉ ሽንት ቤት ገብቼ ራሴ ሞላሁት። ሽንት ሽንት ነው ብዬ!

ከሳምንት በኋላ ሐኪሟ "ፕሮቲኑ አለ፤ የፈራነው በሽታ አይደለም ማለት ነው" ስትል አልማዝ ኮሪደሩን በእልልታ አቀለጠችው። እኔ እውነቱን ልናገር አልኩ። ደስታዋን ሳይ ግን አብሬያት አጨበጨብኩ። ለካ ለእንጦጦ ማርያም ጃንጥላ ተስላ ኖሯል። በማርያም ዕለት ጃንጥላውን እኔን አስይዛ ዳገቱን ተያያዝነው።

መንገድ ላይ ሜሮን ዳቦ ገመጠች። ዳቦው ላይ ደም ቀረ። "ጋሼ፣ ይሄኛውም እየተነቃነቀ ነው" አለችኝ፣ አዲሱን የፊት ጥርሷን በምላሷ እየገፋች።

"አልማዝ፣ የእኔ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

"ምኑ?"

"ሽንቱ!"

ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወጣው ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየን። አልማዝ ነገሩ ሲገባት ጃንጥላውን ከእጄ ነጥቃ በዚያው በስለቱ ጀርባዬን ደጋግማ አቀመሰችኝ። ይገባኛል።

ሰኞ ሐኪሟ ፊት ቆሜ ተናዘዝኩ። መጀመሪያ ተቆጣች፤ ቀጥሎ ሳቋን መያዝ አቃታት። "ቢያንስ እርስዎ ጤነኛ ነዎት" አለችኝ። ሜሮን እዚያው ሽንቷን ሰጠች። ፕሮቲኑ የለም። በሽታው ታወቀ፤ መድኃኒትና የድድ ጽዳት ተጀመረላት። ያ የተነቃነቀው ጥርስ አልተረፈም። ሌሎቹ ግን እስካሁን ጸንተዋል።

ያቺን አንድ ጥርስ ሳስብ ያመኛል። ያን ጊዜ ዝም ባልል ኖሮ ትተርፍ ነበር ይሆን እላለሁ። ባለፈው ሰሞን ሜሮን ቆሎ ስትቆረጥም ስሰማ ደጅ ወጥቼ አለቀስኩ። አልማዝ ተከትላኝ መጥታ "ምን ሆነህ ነው?" ስትለኝ፣ "አቧራ ገብቶብኝ ነው" አልኳት።

መዋሸቱን አልተውኩም ማለት ነው።