ጁን ያልገባበት ቤት፦ ከብቸና ሞጣ ለሽምግልና

ብቸና፣ ጎህ ሲቀድ

ሚኒባሷ በሩ ላይ ጥሩምባ ስታሰማ ጁን ለባብሶ፣ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቆሟል። ሰማያዊ ሸሚዝ፣ የተወለወለ ጫማ፣ በውሃ የተለጠፈ ፀጉር። እሱን ላየ የሚዳረው ዛሬ ይመስላል።

ጁን ፊሊፒናዊ ነው። በበጎ ፈቃድ መጥቶ የእንግሊዝኛ መምህራንን ያሠለጥናል፤ የቀረውን ጊዜውን ብሎጉ ላይ ያጠፋዋል። የብቸናን ገበያ፣ የጥምቀትን ጭፈራ፣ የተጠራበትን ሠርግና ምርቃት፣ ምሳ የበላውን ሽሮ ሳይቀር ይጽፋል። አገሩ ያሉ አክስቶቹ ያነቡታል፤ እኛም ፎቶ ላይ እንደወጣን ለማየት እንከፍተዋለን። የዛሬውን ግን እኔ አዱኛ እንድጽፍለት ለመነኝ። ጉዳዩ የእሱ ሆኖ ሳለ እሱ የማይገባበት ቤት ልንሄድ ነው። ሰናይት የምትባል፣ እዚሁ ብቸና የምትሠራ ነርስ ወዷል። አባቷ አቶ ዘለቀ ሞጣ ላይ ወፍጮ ቤት አላቸው። ልጃቸውን እንዲሰጡን እንለምናለን።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነን። የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ላቀው፣ የጁን አከራይ ጋሽ ደመላሽ፣ ሦስተኛው እኔ። እኔ የገባሁት የሥራ ባልደረባው ስለሆንኩ ብቻ አይደለም፤ አምና ክርስትና ሲነሳ የክርስትና አባት የሆንኩት እኔ ነኝ።

መሪጌታ ጁን ከኋላ ወንበር ላይ መቀመጡን ሲያዩ አልተንቀሳቀሱም። ሙሽራ ሽማግሌ ተከትሎ እንደማይሄድ ለሹፌሩ ነገሩት፣ ለጋሽ ደመላሽ ነገሩት፣ ለእኔ ነገሩኝ። ለጁን ብቻ አልነገሩትም። በመጨረሻ ሞጣ ከተማ ድረስ ብቻ መጥቶ ምግብ ቤት እንዲጠብቅ ተስማማን። ካሜራውን ግን መሪጌታ ተቀብለው ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡት።

ደብረ ወርቅ

የጥቅምት ማብቂያ ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፉ ለአጨዳ ደርሷል፤ እሁድ ስለሆነ ማሳው ውስጥ ሰው የለም። አስፋልቱ አንዳንድ ቦታ አልቋል፣ አንዳንድ ቦታ ገና ነው። ባላለቀበት በተለዋጭ መንገድ እንወርድና መስኮት እየዘጋን አቧራ እንበላለን። ጁን ሸሚዙን በመሐረብ ያራግፋል። አንድ ጊዜ አራግፎ ቢተወው ደስ ባለኝ።

ደብረ ወርቅ ላይ መሪጌታ ለመሳለም ወረዱ። ጁንም ወርዶ ከጎናቸው አማተበ። ከቅዳሴ የሚወጡ ሴቶች ቆም ብለው አዩት፤ አንዷ ለጓደኛዋ ቻይናውም እንደሚሳለም ስትነግራት ሰማሁ። መንገድ የሚሠሩት ቻይናዎች ከመጡ ወዲህ ጁን ባለፈበት ሁሉ ቻይና ነው። መጀመሪያ ሰሞን ያስረዳ ነበር፤ ዛሬ እጁን አውለብልቦ አለፈ።

ግንደወይን

ሻይና ዳቦ። ዳቦው ትኩስ፣ ሻይው ቅርንፉድ የበዛበት፣ ጠረጴዛው የሚያነክስ። ጁን አልበላም። ሽማግሌ እምቢ ከተባለ ምን እንደሚደረግ ጠየቀኝ። ተመልሶ እንደሚለመን ነገርኩት። እንደገና እምቢ ካሉስ? ከዚያ በኋላ ሰናይት ከአባቷና ከእሱ አንዱን መምረጥ ይኖርባታል፤ የአባቷን ቃል እንደማትረግጥ ደግሞ አስቀድማ ነግራዋለች። ይህን እሱም ያውቀዋል። ስለዚህ ወደ ዳቦዬ ተመለስኩ።

ሹፌሩ አቶ ዘለቀን ያውቃቸዋል። እህል ሲያስፈጭ ያያቸው ይመስለኛል። “ክፉ ሰው አይደሉም” አለን፤ “ሰው ግን ቶሎ አያምኑም።”

ሞጣ፣ ረፋድ

ጁንን ከመናኸሪያው አጠገብ ካለ ምግብ ቤት አስቀመጥነው። ከሱ ተለይተን በእግር ሄድን።

የአቶ ዘለቀ ቤት ሰፊ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ግቢው ተጠርጓል፣ ወፍጮው ለእሁድ ዝም ብሏል፣ የሚስታቸው ወንድሞች ተሰብስበዋል። መምጣታችንን ሰምተዋል ማለት ነው። እንድንቀመጥ ተጋበዝን፣ አልተቀመጥንም፤ የመጣንበትን ሳንናገር መቀመጥ ነውር ነው። መሪጌታ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ሰላምታውንም ምርቃቱንም አስረዝመው፣ ልጃቸውን ለልጃችን እንዲሰጡን ለመኑ። አቶ ዘለቀ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዱቄት ከቅንድባቸው የማይለቅ ሰው ናቸው። ሰምተው ሲጨርሱ የልጁ ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠርልኝ አሉ።

ጋሽ ደመላሽ ሳቃቸው መጣ። እኔም እንዲሁ። ሰባት ቤት የሚቆጠረው ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ነው፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ከሞጣ ሰው ጋር በምን ይዛመዳል? መሪጌታ ይህንኑ በትሕትና ተናገሩ።

“እሱንማ አውቃለሁ” አሉ አቶ ዘለቀ። “የፈራሁት ዘመድ ይሆናል ብዬ አይደለም። ልጄን የበደላት እንደሆነ የማንን በር ነው የማንኳኳው? መንገድ ሠሪዎቹን እያየኋቸው ነው፤ መንገዱ ሲያልቅ ድንኳናቸውን ነቅለው ይሄዳሉ።”

አሁንም እንደቆምን ነን። ጋሽ ደመላሽ በዚህ መሀል ትከሻዬን ይዘው ወደ ፊት ገፋ አደረጉኝ፤ የክርስትና አባቱ ይኸው ቆሟል፣ በሩም የሱ በር ነው አሉ። አቶ ዘለቀ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። እንግዲያው አንተ ቁጠርልኝ አሉ።

ሁለት ሦስት ስም ጠርቼ ባቆም ማንም አይወቅሰኝም ነበር። ግን የእኛ አገር ሰው ቁጠር ከተባለ መሀል ላይ ማቆም ያሳፍረዋል። ድምፄን ከፍ አድርጌ ጀመርኩ። አዱኛ ደምሴ፣ ደምሴ ቢሻው፣ ቢሻው ገሰሰ፣ ገሰሰ አንዳርጌ። ደስ እያለኝ ነበር። አንዳርጌ ስል ከመጋረጃው ጀርባ የሰናይት እናት ወይዘሮ የሺ ድምፅ መጣ።

“የትኛው አንዳርጌ? የግንደወይኑ? ያ ንብ ያረባ የነበረው?”

እሱ ነው አልኩ። መጋረጃው ተከፈተ። የእናታቸው አያት የአንዳርጌ ልጅ ናቸው። ወይዘሮ የሺ አገላብጠው ሳሙኝ። ጋሽ ደመላሽ ደግሞ ግንባራቸውን ያዙ፤ የክርስትና ልጅ እንደ ሥጋ ልጅ ስለሚቆጠር፣ እኔ ሙሽራውን በር ላበጅለት ብዬ ከሙሽሪት ጋር አዛመድኩት። ያን ጊዜ የተሰማኝ ድንጋጤ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ምግብ ቤት ሆኖ የሚጠብቀውን ሰው ሙሽሪትን ያሳጣሁት እኔው ነኝ ብዬ አሰብኩ።

መሪጌታ አልቸኮሉም። “የክርስትናው ውሃ ልጁን ያዛመደው ከአዱኛ ጋር ብቻ ነው” አሉ፤ “እስከ አንዳርጌ አይደርስም። ልጁ ከእናንተ ጋር ሥጋ የለውም፣ አዱኛ ግን አለው።”

አቶ ዘለቀ ይህን ሰምተው በእጃቸው ከግድግዳው ጋር ያለውን መደብ አሳዩኝ። የሚስታቸው ወንድሞች የተቀመጡበት መደብ ነው። ሄጄ መሀላቸው ተቀመጥኩ። መሪጌታና ጋሽ ደመላሽ እንደቆሙ ናቸው። ከዚያ በኩል ሲታዩ ሁለት አቧራ የለበሱ የማያውቁን ሰዎች መሰሉኝ።

“በል ዘመዴ” አሉኝ አቶ ዘለቀ። “አንተ ብትሆን ልጃችንን ትሰጠዋለህ?”

ከንጋት ጀምሮ ስጡን ለማለት የተዘጋጀሁ ሰው ነበርኩ። ትሰጠዋለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ጁን ደግ ነው፣ አይጠጣም፣ ሲታመም እንኳ ሥራ አይቀርም። ውሉ ሲያበቃ ወዴት እንደሚሄድ ግን አላውቅም። ጓደኛዬ ሆኖ ይህን ያህል ጊዜ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም። መሪጌታ ዓይኔን ሊይዙት ፈለጉ፤ ወለሉን አየሁ። ለዚሁ ቀን ከብቸና ቀድማን የመጣችው ሰናይት በሩ አጠገብ ወንድሟን ተደግፋ ቆማለች፣ ከእኔ ሌላ የምታየው የለም።

እሰጠዋለሁ አልኩ። የበደላት እንደሆነ ደግሞ በሩ የእኔ ነው፣ እሱን አንኳኩ።

አቶ ዘለቀ ሽማግሌዎቹን ተቀመጡ አሏቸው። ሠርጉ ጥር ላይ እንዲሆን ተቆርጦ ጠላ ቀረበ።

ሞጣ፣ ከሰዓት በኋላ

ምግብ ቤቱ ውስጥ ጁን ያዘዘው ጥብስ ቀዝቅዞ ፊቱ ተቀምጧል። ሲያየን ተነሳ። መሪጌታ ካሜራውን ከጋቢያቸው አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡትና እንኳን ደስ ያለህ አሉት። አለቀሰ፣ ሳቀ፣ ጋሽ ደመላሽን አቀፈ፣ አስተናጋጇን አቀፈ። ወደ እኔ ሲመጣ እጄን ደረቱ ላይ አድርጌ አቆምኩት።

“ቁጭ በል” አልኩት። “ሥራህ ሲያበቃ ልጃችንን ወዴት ልትወስዳት ነው ያሰብከው?”

የምቀልድ መስሎት ሳቀ። አለመሳቄን ሲያይ ወንበሩን በዝግታ ሳብ አድርጎ ተቀመጠ።

“ጠዋት የኔ ሽማግሌ አልነበርክም?” አለኝ።

“ነበርኩ” አልኩት። “አሁን የሰናይት ዘመድ ነኝ። መልስልኝ።”