ኤሱማ የምንላቸው ሰው

በአማርኛ የእናትም የአባትም ወንድም ያው አጎት ነው። በኦሮምኛ ግን የእናት ወንድም ኤሱማ ይባላል፤ ክብሩም ለብቻው ነው። አምቦ ውስጥ አጥር ለአጥር የሚጎራበቱን ከብት ነጋዴ እናቴን «እህቴ» ይሏት ስለነበር እኔም ኤሱማ እያልኩ አደግሁ። እናቴ ወንድም ስላልነበራት ያቺን ቃል አጥብቃ ነበር የያዘቻት። ሳገባ ሽማግሌዎቹ «ኤሱማዋ ሳይመርቃት አትወጣም» ብለው ሙሽራውን ከነሚዜዎቹ በር ላይ አቆሙት፤ እሳቸውም ከገበያ ደርሰው መረቁኝ።

አንድ ክረምት እናቴ ቤት ሳለሁ ሆዳቸውን ቁርጠት ያዛቸው። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስኳቸው። ወጣቱ ሐኪም መርምሯቸው ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ።

«አንጀታቸው ታጥፏል። ቶሎ ኦፕሬሽን ካልተደረጉ አይተርፉም፤ ልባቸው ደግሞ ደካማ ነው። ምንሽ ናቸው?»

«ኤሱማዬ።»

«የእናትሽ የሥጋ ወንድም?»

«ጎረቤታችን ናቸው» አልኩት።

«ልጅ የላቸውም?»

«አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፣ ከጌዶ ወዲያ እናቱ ዘንድ አድጎ እዚያው የቀረ። እዚያ ስልክ ከጠፋ ሰንብቷል፤ መንገዱም ተዘግቷል።»

«እንግዲያው አንቺው ፈርሚ።»

ለልጃቸው ደጋግሜ ደወልኩ፤ አይጠራም። ገብቼ አልጋቸው አጠገብ ቆምኩ። «ኤሱማ፣ ልፈርም ወይ?»

«ልጄ መጣ?»

«መንገድ ተዘግቷል።»

«ይምጣና» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ወጥቼ ፈረምኩ። ምን ላድርግ? ከኦፕሬሽን ክፍሉ በሕይወት አልወጡም።

እድርተኛው ቀበራቸው። ድንኳኑ ውስጥ የቤተ ዘመዱ ቦታ ባዶ ስለነበር እናቴና እኔ ተቀመጥንበት። ለቀስተኛው «እግዜር ያጥናችሁ» ሲለን፣ መቀበሉ ይገባን እንደሆነ እንኳ አላወቅንም።

መንገዱ ሲከፈት ልጃቸው መጣ። ከመናኸሪያ በቀጥታ እኛ ቤት ነው የገባው፤ ጫማው ጭቃ ነበር። የሆነውን ሁሉ በኦሮምኛ ነገርኩት።

«ስለ እኔ ምን አለ?»

ልዋሽ አሰብኩ፤ አልሆነልኝም። «ይምጣና ነው ያሉት» አልኩት።

ተነሳና እጁን ዘርግቶ «ገለቶሚ፣ አዴ» አለኝ። አመሰግናለሁ፣ ወይዘሮ ማለቱ ነው፤ የማያውቋት ሴት በአክብሮት የምትጠራበት። የአባትህ እህት ልጅ ነኝ እኮ ልለው ፈልጌ ነበር። የአባቱን ጋቢና ዱላ ይዞ ሄደ።

እናቴ ከጓዳ ወጥታ «ምን አለሽ?» አለችኝ።

«አመሰገነኝ።»

«እኔንስ አልጠየቀም?»

«አልጠየቀም፣ እማዬ።»