የሼኹ ጎራዴ በቴሌቪዥን

ክልሉ አዲስ በተቋቋመባቸው ዓመታት አሶሳ ውስጥ የቅርስ ሠራተኛ ነበርኩ። ወደፊት ሙዚየም ይሆናል ለተባለ ባዶ ክፍል አሮጌ የጦር መሣሪያ እሰበስባለሁ። ሰናድሩንም ውጅግራውንም ጠመንጃ፣ ከሱዳን በኩል የመጣውንም ጎራዴ ከሆሞሻ እስከ መንጌ እየዞርኩ፣ ሽማግሌ እየለመንኩ ያመጣሁት እኔ ነኝ። በቴሌቪዥን የሚታየው ግን እሱ ነበር።

እሱ ከታሪክ መምህርነት ተዛውሮ የመጣ ባልደረባዬ ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ የቴሌቪዥን ሰዎች አንድ ቀን ስለ አንድ ጠመንጃ ጠየቁት፤ እሱም በዚያ በሚያምር ድምፁ ብረቱ ላይ ያለውን ምልክት እያነበበ ተረከላቸው። ከዚያ ወዲያ በመጡ ቁጥር የሚፈልጉት እሱን ነው። ገበያ ስንወጣ ሰው ሁሉ "የመሣሪያው ሊቅ!" እያለ እሱን ይጨብጣል፣ እኔ ዘንቢል ይዤ እጠብቃለሁ። ቀናሁ፤ ምን እደብቃለሁ? በሰው ወርቅ አይደምቁ ይባላል፤ እሱ ግን በእኔ ወርቅ ደምቆ ቁጭ አለ።

አንድ የመንጌ ሼኽ የአባታቸውን ጎራዴ ሲያውሱኝ፣ "ግማሽ አሳይ። ሁሉ ከአፎት ከወጣ፣ ወላሂ፣ ሰው ሞቷል ማለት ነው" ብለውኝ ነበር። በቤታቸው ልማድ ጎራዴው ጨርሶ የሚመዘዘው አባወራው ሲሞት ብቻ ነው። ቢሮ ስመለስ ጎራዴውን ለእሱ አስረከብኩት፤ ልማዱን አልነገርኩትም። ረስቼ አይደለም። "ሊቁ ይህችን እንኳ አያውቅም" እንዲባልልኝ ፈልጌ ነው።

መዘዘው። ካሜራው ፊት እስከ ጫፉ አወጣው። ዝግጅቱ በታየ ዕለት አሶሳ ሻይ ቤት የነበረ የሼኹ ዘመድ ጎራዴውን በእጀታው የብር ቀለበት ለይቶ ወሬውን ላከ፤ በማግሥቱ የሆሞሻ ዘመዶች እያለቀሱ መንጌ ገቡ። ሼኹ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው የገዛ ራሳቸውን ለቀስተኛ ተቀበሉ። መጀመሪያ ስሰማ ሳቄ መጣ። እህታቸው ራሷን ስታ ወደቀች ሲሉኝ ግን ሳቁ ጠፋ።

በሳምንቱ ሼኹ ቢሮ መጡ። እኔን በእጃቸው እያሳዩ እሱን ጠየቁት፦

"ይሄ ልጅ ለአንተ አልነገረም?"

ወደ እኔ ዞረ። ፊቴን ሲያይ ሁሉም ነገር የገባው ይመስለኛል።

"ነግሮኛል፣ ሼኽ። የረሳሁት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ" አለና ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ያዘ።

እውነቱን ለመናገር ጊዜ ነበረኝ። አልተናገርኩም። ሼኹ ትከሻውን ይዘው አነሱት።

"አላህ ይቅር ይበል። እኔም ይቅር አልኩ" አሉት።

ጎራዴያቸውን ጠቅልለው ሲወጡ እኔ ጋ ቆም አሉና "አንተ ታማኝ ልጅ ነህ" ብለው መረቁኝ። አንገቴን ደፋሁ። እሱ እንባውን እየጠረገ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ቀለል ያለው ሰው ይመስል ነበር። እንደዚያ ቀን ቀንቼበት አላውቅም። ጥፋቴን እንኳ ከነይቅርታው ወሰደብኝ።