የእማማ ያልዣ አፍንጫ

የዝቮንኮ ሚስት ጥላው ጀርመን ስትሄድ እናቷን ትታለት ሄደች። ሰው ሲፋታ አማቱም አብራ የምትሄድ ይመስለዋል፤ ዝቮንኮም እንደዚያ መስሎት ነበር። ግን እማማ ያልዣ የት ይሂዱ? ቤታቸው ከሱ ቤት ጎን ነው፤ መሐል ላይ ወገብ የሚደርስ የእንጨት አጥር አለ፤ ኮረብታው ላይ ያለው የወይን ማሳም የጋራ ነው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ከአውራጃችን ከዛጎርዬ የወጡት በዕድሜያቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ጥርስ ሊያስነቅሉ።

እኔ ስላቬክ እባላለሁ። ባቡር ላይ ትኬት ቆራጭ ነበርኩ። አንድ ቀን ጠጥቼ እንቅልፍ ጣለኝና ተሳፋሪ ቀስቅሶ "ጋሼ፣ መጨረሻው ጣቢያ ደርሰናል፣ ይውረዱ" አለኝ። ወረድኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ አልጠጣሁም፤ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፤ ሐሙስ ሐሙስ አመሻሽ ላይ መጠጥ መተው የሚፈልጉ ሰዎችን እሰበስባለሁ። የሚከፍለኝ የለም፣ ተገዶ የሚመጣም የለም። የምንሰበሰበው የሰፈራችን እሳት አጥፊዎች ቤት ፎቅ ላይ ነው። ከታች እነሱ ይጠጣሉ፣ ከላይ እኛ አንጠጣም። በሩ አንድ ነው። አዲስ ሰው ሲመጣ፣ ደረጃውን ይወጣል ወይስ እዚያው ይቀራል እያልን ጆሯችንን ጥለን እንጠብቃለን።

የማኅበሩ ደንብ አጭር ነው። ማንም ብቻውን አይመጣም፤ ጠጪው ከቤቱ አንድ ሰው ይዞ ይመጣል። አብሮት የመጣውም ሰው መጠጥ ይተዋል። ክብ ሠርተን እንቀመጥና እያንዳንዱ ስሙንና ሳይጠጣ የቆየበትን ቀን ይናገራል። ከዚያ እናወራለን።

ዝቮንኮ መጋቢት ላይ መጥቶ "ልመዝገብ" ሲለኝ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። የአናጢነቱን ሥራ በመጠጥ ያጣ ሰው ነው። ባለፈው ዓመት የወንድሙ ልጅ ሠርግ ላይ ተጫዋቹን ከነአኮርዲዮኑ ይዞት ወድቋል። አሁን ግን ምክንያት ነበረው። አንዲት ልጁ ሚርታ መስከረም ውስጥ ልታገባ ነው፤ ደውላ ቁርጡን ነግራዋለች።

"አባዬ፣ መሐላህን አልፈልግም፣ ወረቀትም አልፈልግም" ብላዋለች። "እስከ ሠርጌ ድረስ አያቴ 'አልጠጣም' ካለችኝ ክንድህን ይዤ ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ። 'ጠጥቷል' ካለችኝ ግን እቤትህ ቁጭ በል።"

"ማንን ይዘህ ትመጣለህ?" አልኩት።

ወንድሙ ይጠጣል። የክርስትና አባቱ ይጠጣል። ቄሱን እንኳ አስቦ ነበር፤ ቄሳችን ግን ሐሙስ ሐሙስ ከታችኛው ፎቅ ናቸው።

"አማቴን" አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ።

በማግስቱ ሐሙስ እማማ ያልዣ ጥቁር ሻሻቸውን አስረው፣ ቦርሳቸውን በሁለት እጅ ጨብጠው ከች አሉ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጭማቂና ብስኩት ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ይሄ ነው ያላችሁ?"

"ይሄ ነው እማማ። አብሮ የመጣ ሰውም ይተዋል፤ ደንባችን ነው።"

"ምኑን ነው የሚተወው?"

"መጠጥ።"

"እኔ መች ጠጥቼ አውቃለሁ?"

ዝቮንኮ ጫማውን ማየት ጀመረ።

"ጠዋት ጠዋትስ?" አልኳቸው። "ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል እኮ።"

"እሱ መድኃኒት ነው። ጤና አዳም ገብቶበታል።"

"ወይኑስ?"

"ወይን ምግብ ነው። አንተ ደግሞ ይሄን ምክር የምትለውን የት ነው የተማርከው?"

"ቫራዥዲን ከተማ። ስድስት ቀን።"

"ያስታውቃል" አሉና ቁጭ አሉ።

ተራው ደረሰ። ዝቮንኮ "ሰባት ቀን" አለ፤ አጨበጨብንለት። እሳቸው ደግሞ ቀና ብለው "ያልዣ፣ ሰባ ስምንት ዓመት" አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከሁሉም አብልጬ የሳቅኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ሐሙስ በመጣ ቁጥር "ሰባ ስምንት ዓመት" ይላሉ፣ እኛ እንስቃለን፣ ወደሚቀጥለው ሰው እናልፋለን። ማረም ነበረብኝ። ግን እሳቸው ከቀሩ ዝቮንኮም ይቀራል አልኩና ዝም አልኩ፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ጨዋታቸው ይጥመኛል።

እማማ ያልዣ ጠጪ አያውቁም የሚላቸው ሰው የለም። ባላቸው ቫለንት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሠላሳ ዓመት ኮረብታው ላይ ካለው የወይን ጎጆ በእግሩ ወርዶ አያውቅም፤ በእጅ ጋሪ እየገፉ የሚያወርዱት እሳቸው ነበሩ። መንገዱ ላይ አንድ ትልቅ ድንጋይ አለ፤ እሱ ጋ ሲደርሱ ጋሪውን ሆን ብለው ያንገጫግጩት እንደነበር ራሳቸው አጫውተውኛል። ቫለንት ሲሞት ምድር ቤታቸው ውስጥ ግማሽ በርሜል የፕሪም አረቄ ትቶ ሞተ። መድፋት ኃጢአት ነው አሉና ጠዋት ጠዋት አንድ መለኪያ ጀመሩ። ቫለንት ከሞተ ሃያ ዓመት ሆነው፤ በርሜሉ ግን ዛሬም ግማሽ ነው። ማን እንደሚሞላው እንግዲህ አትጠይቁኝ።

ምስክርነታቸውን ግን የምር ያዙት። ጠዋት ቁርስ ሳይቀርብ አጥሩ ጋ ይቆሙና ይጠሩታል።

"አፍህን።"

ዝቮንኮ አጥሩን በሁለት እጁ ይይዝና አፉን ይከፍታል። እሳቸው አፍንጫቸውን እስከ ከንፈሩ ድረስ አስጠግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያሸታሉ። ሠላሳ ዓመት ቫለንትን ያሸተተ አፍንጫ ነው፤ ወይኑ የዘንድሮ ይሁን የአምና ለይቶ ይነግርሃል። መንገደኛው ቆሞ ያያል። የዝቮንኮ ጆሮ ይቀላል። ሐሙስ ሲደርስ ደግሞ ሪፖርቱን በፊታችን ያነቡለታል።

"ማክሰኞ ቋሊማ በልቷል። ረቡዕ ጥርሱን አልቦረሸም። መጠጥ የለም። ሰው ግን አልሆነም።"

ሠላሳ ቀን ሞላው፣ ዘጠና ሞላው፣ መቶ ሃያ አለፈ። የዶሮውን ቤት ጣራ ጠገነ፣ የሳቸውንም በር አደሰላቸው፤ "ጠማማ ነው" አሉት፣ አልነበረም። ለሠርጉ የሚለብሰውን ሱፍ ልብስ ሰፊ ጋ ወስዶ አስጠበበና የመኝታ ቤቱ በር ላይ ሰቀለው። ይሄ ሰውዬ በቃ ሊሳካለት ነው ብዬ በሆዴ ተደሰትኩ።

ነሐሴ ላይ፣ መቶ ስልሳ አንደኛው ቀን ሐሙስ ላይ ዋለ። እማማ ያልዣ ደረጃውን በንዴት ወጥተው ሳይቀመጡ ጀመሩ።

"ዛሬ ጠዋት አጥሩ ጋ አልመጣም። ሦስት ጊዜ ጠራሁት፣ ድምፁን አጠፋ። የሚደበቅ ሰው ምን አድርጎ እንደሚደበቅ እኔ አላጣውም። ለሚርታ እደውላለሁ።"

ዝቮንኮ ከሳቸው ቀድሞ መጥቶ ጥጉን ይዞ ተቀምጧል። ፊቱ ገርጥቷል።

"ጠጥተሃል?" አልኩት።

"አልጠጣሁም።"

"ታዲያ ምን ሆንክ?"

መዳፉን ሱሪው ላይ ሲያሽ ቆየና "ብናገር እማማ ይቀየሙኛል" አለ።

"ገና ልቀየምህ ነው?" አሉ። "ልጄ ጥላህ ከሄደች ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ ምን ላይ የነበርኩ መሰለህ?"

"ጠዋት እርስዎ ሲያሸቱኝ" አለ፣ ሳያያቸው፣ "እኔም አሸትዎታለሁ።"

ከታች የእሳት አጥፊዎቹ ብርጭቆ ይሰማል።

"ከመለኪያው ተነስተው ነው የሚመጡት። አፍዎ ከአፌ ስንዝር አይርቅም። ጤና አዳሙ፣ ፕሪሙ፣ ሁሉም ፊቴ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚያስቸግረኝ ነገር የለም። እነዚህ ከታች ሲጠጡ በበራቸው ሳልፍ ግድ የለኝም። የምትገለኝ ያቺ ደቂቃ ናት። አጥሩን የምይዘው ለሷ ነው። ዛሬ ግን ሳስበው አጥሩን የምይዝበት አቅም የለኝም። ከቤት ብወጣ እርስዎ ምድር ቤት ነበር የምገባው። በሩን ቆለፍኩና ቁልፉን በመስኮት ወደ ውጭ ወረወርኩት።"

"ታዲያ አሁን እንዴት መጣህ?" አለ ከወዲያ አንዱ።

"በመስኮት ወጥቼ።"

ማንም አልሳቀም።

"እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከንም?" አልኩት።

"እሳቸው ከተቀየሙ ለሚርታ የሚመሰክርልኝ ማን አለ?"

አፈርኩ። ስድስት ቀን የሠለጠንኩ፣ ወረቀቴን ማቀዝቀዣ ላይ የለጠፍኩ መካሪ፣ ይሄን ሰውዬ በየጠዋቱ አረቄ ፊት አቁሜ አምስት ወር ስስቅ ከርሜያለሁ።

እማማ ያልዣ አልተቀመጡም። "ጠጪዋ እኔ ሆንኩ ማለት ነው" አሉ። "ያንን ሬሳ ሠላሳ ዓመት በጋሪ የገፋሁት እኔ።" ቦርሳቸውን አንስተው ወጡ። ከታች "እማማ፣ አንድ መለኪያ!" ሲሏቸው ሰማን። ምን ብለው እንደመለሱላቸው አልሰማንም።

ከዚያ በኋላ አጥሩ ጋ ማንም አልመጣም። ዝቮንኮ ጋ ሁለት ጊዜ ሄድኩ። ሱፉን ከበሩ ላይ አውርዶ ቁም ሣጥን ውስጥ ከቶታል። "ለሚርታ አንተው ደውልላት" አልኩት። "የኔ ቃል ምን ይሆናታል?" አለኝ። "ሦስት ጊዜ ምዬላታለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ሰክሬ ነበር የማልኩት።"

በሚቀጥለው ሐሙስ ብቻውን መጣ። ደንቡ አይፈቅድም። ደንቡ ገደል ይግባ አልኩና ወንበር ሰጠሁት። ክቡን ጀምረን ሁለት ሰው እንደተናገረ ደረጃው ላይ ኮቴ ሰማን፤ አንድ እርምጃ፣ ዕረፍት፣ አንድ እርምጃ፣ ዕረፍት።

እማማ ያልዣ ገቡ። ሻሻቸው ተንሻፏል፣ ግንባራቸው ላይ ላብ አለ። ቦርሳቸውን እንደ ወትሮው በሁለት እጅ ይዘዋል፤ ቦርሳው ግን ይንቀጠቀጣል። ዝቮንኮን ሳያዩት ጎኑ ተቀመጡ።

"ቀጥሉ እንጂ" አሉ። "ምን ታፈጡብኛላችሁ?"

"ዝቮንኮ፣ መቶ ስልሳ ስምንት ቀን" አለ እሱ። አጨበጨብን።

ተራው የሳቸው ሆነ። አንዳንዱ ከልማዱ ለሳቅ ተዘጋጅቶ ነበር።

"ያልዣ" አሉና አቆሙ። ቦርሳቸውን አዩት። "አንድ ቀን።"

መጀመሪያ ያጨበጨበው ዝቮንኮ ነው።

"ተው፣ አታጨብጭብ" አሉት። "ዓርብ ሞክሬ ቁርስ ድረስ ነው የቆየሁት። ቅዳሜ ምሳ ደረስኩ። እሑድን ተዉት። መድኃኒት ነው ስል ነበር። መድኃኒት ስለቀረበት እንዲህ የሚሆን እጅ አይቼ አላውቅም።" እጃቸውን አውጥተው አሳዩን።

"በእርስዎ ዕድሜ ሐኪም ሳያይ መጠጥ በድንገት አይቆምም" አልኳቸው። "ነገ ጠዋት መጥቼ እወስድዎታለሁ።"

"ይሄንን በስድስቱ ቀን ነው ያስተማሩህ?"

"አዎ።"

"ለካ አንድ ነገር ነግረውሃል።"

ዝቮንኮ ወደሳቸው ዞረ። "እማማ፣ ለሚርታ ደወሉ?"

"ደወልኩ።"

አንገቱን ደፋ።

"'አባትሽ ጠብታ አልቀመሰም፣ ጠጪዋ አያትሽ ናት' አልኳት። አለቀሰች። ለቅሶዋን ስትጨርስ ያቺ ባለጌ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? 'እንግዲያው አባዬ አልጠጣችም ካላለኝ አንቺም ሠርጌ አትመጪም' አለችኝ።"

በማግስቱ ጠዋት መኪናዬን አቁሜ ስወርድ ሁለቱም አጥሩ ጋ ናቸው። ዝቮንኮ አፉን ከፈተ፣ እማማ ያልዣ አሸተቱ።

"ቡና። ጥርስህን ቦርሽ" አሉትና ሊሄዱ ዞሩ።

እሱ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም።

"እማማ" አላቸው፣ "አፍዎን።"

ወደ እኔ ዞር አሉ። እኔ የዶሮውን ቤት ጣራ አየሁ። ሻሻቸውን አስተካከሉና፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አፋቸውን ከፈቱ። ዝቮንኮ ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ አሸተታቸው። እጆቹ አጥሩን አልያዙም፤ ኪሱ ውስጥ ነበሩ።

"እህስ?" አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

"ነጭ ሽንኩርት" አላቸው። "ነጭ ሽንኩርት ብቻ።"