ሻይ የጠጣችው ከረጢት

ቆይ ቆይ፣ ይቺን ሳልነግራችሁማ እንቅልፍም አይወስደኝ! ሰፈሩ በሙሉ እታለም የሚላት ሴትዮ አለች። ጓሮዋ ባለች አንዲት ጨለማ ክፍል እንጉዳይ ታበቅላለች። እርጥብ ጭድ በላስቲክ ከረጢት ትሞላለች፣ ዘሩን ትጨምርበታለች፣ ከጣሪያው ታንጠለጥለዋለች። በሩን ዘግታ ስትገባ ደመና ውስጥ የገባች ነው የሚመስላት። እንደ ጆሮ ያሉ ነጫጭ እንጉዳዮች ከጨለማው ብቅ ብቅ ይላሉ፤ ውሃው ጠብ... ጠብ... ይላል፤ እሷም እንደ ቆመች በሐሳብ ጭልጥ ትላለች።

ዘንድሮ ግን ጭጭ! አንድም ብቅ ያለ የለም። ዋርሳዋ፣ የባሏ ወንድም ጎማ ነጋዴው፣ ክፍሏን ሲመኝ የኖረ ነውና በር ላይ ቆሞ ይስቃል።

«እታለም፣ ጭድ ሰቅለሽ ጭድ ልታወርጂ ነው እንዴ? ጎማዬን ላስገባ?»

«እስከ ወሩ መጨረሻ ካልበቀለ ክፍሉን ውሰደው!» አለች በእልህ። ወዲያው ግን ቆጫት። ክፍሏ ከሄደች የት ገብታ ልታልም ነው?

አንድ ጠዋት ግን በሩ ሥር ያለችው ከረጢት ነጭ ድር ለብሳ፣ ትንንሽ ራሶች ጉች ጉች ብለውባት አገኘቻት። ሌሎቹ እንደ ድንጋይ። ባሏን፣ አናጢውን፣ ጠርታ አሳየችው። ሰውዬው አንገቱን ደፋ።

«ምን ሆንክ አንተ?»

«አመሻሽ ላይ እዚህ ቁጭ ብዬ ሻይ እጠጣለሁ። ዝቃጩን እሷ ላይ ነው የምደፋው።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ... ሻጋታ እንዳይበላብሽ ብዬ፣ ጭዱ ላይ ሁሉ ጣውላ የምቀባውን መድኃኒት ረጨሁ...»

«ፀረ ሻጋታ?! ኧረ አንተ ሰውዬ! እንጉዳይ እኮ የሻጋታ የአክስት ልጅ ነው!»

ሳቋም እንባዋም እኩል መጣ። ልርዳት ብሎ ገደለባት፣ ሳያውቅ ደግሞ አንዷን አዳነላት!

የእርሻ መድኃኒት ሻጯ ጋ ሮጠች። ሻጯም እንዲህ አለቻት፤ «የሻይ ቅጠል ምላስ ጨምደድ የሚያደርግ ነገር አለው አይደል? እሱ አንዳንዱን መድኃኒት ይዞ ያስረዋል፣ ጉልበት ያሳጣዋል። ሁሉንም አይደለም። ለገበሬማ ጣጣ ነው! እንዲህ ያለ ቅጠል ዘፍዝፎ ከመድኃኒቱ ጋር ቀላቅሎ ይረጭና ‹ውሃ ሸጥሽልኝ› ብሎ እኔን ይሰድበኛል። ብቻ የሚበቅለውን እንጉዳይ እንዳትበዪው እሺ? መድኃኒቱ ታሰረ እንጂ የትም አልሄደም።»

ባልና ሚስት ሻይ በባልዲ አፍልተው፣ አቀዝቅዘው፣ ከረጢቶቹን አጠጡ። ክፍሉ ሻይ ሻይ ሸተተ። እሷ ስትተኛ በሕልሟ ጭዱ ብርጭቆ ይዞ ፉት እያለ ይጠጣል። ወሩ ሊያልቅ ሲል ገሚሱ በቀለ፤ ገሚሱ እንደ ሞተ ቀረ።

ዋርሳዋ ጎማውን እያንከባለለ መጣና በበሩ አንገቱን አስግጎ አየ። ነጫጮቹ ጨለማው ውስጥ እንደ ብዙ ጨረቃ ተንጠልጥለዋል።

«በቀለ እንዴ? ይሸጣል?»

«አይሸጥም፣ አይበላምም። ይጣላል።»

«ታዲያ ምን ሊሠራልሽ?»

«አንተን ሊያስወጣልኝ ነዋ!»

እየሳቀ ጎማውን ወደ ውጭ አንከባለለ። እታለም በሩን ዘጋች። ነገ ሁሉንም አውርዳ በንጹሕ ጭድ ትጀምራለች፤ ዛሬ ግን ዝም ብላ ቆማ ታያቸዋለች።

እናንተስ፣ ልርዳችሁ ብሎ ጉድ የሠራችሁ ሰው የለም? እስቲ አጫውቱኝ!